የቱቦው ክርን

ጉል፣ ጉል፣ ጉል ይልና ጥቂት ያርፋል፤ ከዚያ የቀረውን ባንድ ትንፋሽ ይምገዋል። ከደብረ ማርቆስ ገበያ በታች በነበረው ሰፈር፣ የእንዳላማው ማጀት ውኃ ሲውጥ የሚሰማው ድምፅ ይህ ነበር። በዚያ ዘመን በሰፈሩ እንዲህ ያለ ድምፅ ያለው ሌላ ቤት አልነበረም። የሌላው ሰው እጣቢ ከደጅ ይደፋል፤ ዶሮ ይጭረዋል፣ ፀሐይ ይመጠዋል፣ ክረምት ሲገባ ከጭቃው ጋር ጭቃ ይሆናል። የእንዳላማው እጣቢ ግን ግድግዳውን ሰንጥቆ ይወጣል፣ በግቢው መሬት ሥር ለሥር ይሄዳል፣ ከመንገዱ ዳር ካለው ቦይ ላይ ብቅ ይላል። እንግዳ ሲመጣ «እስቲ አንድ ጣሳ ውኃ አፍስሱና እንስማው» የሚልበት ጊዜ ነበር።

እንዳላማው ቆርቆሮ ሠሪ ነው። ከዘይት ጣሳ ኩራዝና ማንቆርቆሪያ፣ ከጣራ ቁራጭ አሸንዳ ይሠራል። ወጣት ሳለ ግን ደጀን፣ ከዓባይ በረሃ አፋፍ፣ ከመንገድ ሠራተኞች ሰፈር ገብቶ ከቱቦ ቀባሪዎች ጋር ኖሯል። እዚያ የተማረውን ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ቅኔ እንደሚነግር ሰው። «ውኃ እንግዳ ነው» ይላል። «መንገዱን ካሳየኸው ሳያስቸግርህ ይሄዳል፤ መንገድ ከነሣኸው ቤትህን ይወርስሃል።» ሥራውን ለቆ ሲመጣ አርጅተዋል ተብለው የተጣሉ የብረት ቱቦዎች ለምኖ፣ በጭነት መኪና አስጭኖ ይዞ መጣ። ሰው ሁሉ ጥይት የሚተኮስበት ነገር መስሎት ነበር።

ሥራነሽን ከጉንደ ወይን ባገባ ጊዜ ቤት ሠራ፤ ቤቱን ሲሠራም ከማጀቱ ጥግ የሲሚንቶ ገንዳ አበጀ። ቱቦዎቹን ከገንዳው ቀዳዳ ጀምሮ እያገጣጠመ ቀበራቸው። አንድ ነገር ብቻ አስቸገረው። ቀጥ ብለው ከሄዱ ከጎረቤቱ ከአያ አድማሴ ግቢ ሊገቡ ሆነ። ስለዚህ ከመንገዱ አቅጣጫ የሚመልሳቸውን መታጠፊያ ራሱ ከወፍራም ቆርቆሮ ቀጥቅጦ፣ በእርሳስ በይዶ ሠራው። «ክርኑ» ብሎ ጠራው። ሥራነሽ ከሠርጓ ሰሞን ገንዳውን ስታይ፣

«ስለዚህ እጣቢ ተሸክሜ ከደጅ አልወጣም?» አለችው።

«አትወጪም።»

«በዝናብም?»

«በዝናብም በፀሐይም።»

ቱቦው ደንብ ነበረው። ከገንዳው ቀዳዳ ላይ በምስማር የተበሳሳ የቆርቆሮ ክዳን ይቀመጣል፤ ከላዩ የሚቀረው ጥራጊ ታፍሶ ይጣላል። ቅባት ያለበት ድስት አስቀድሞ በአመድ ይጠረጋል። ቅዳሜ ቅዳሜ የፈላ ውኃ ይወርድበታል። ሥራነሽ ይህን ደንብ እንደ ጾም ጠበቀችው፤ ቱቦውም ለብዙ ጊዜ አንድ ቀን አልከፋም።

አባቱ ሲያርፉ እንዳላማው እናቱን ወይዘሮ ወለተ ኪዳንን ከደብረ ኤልያስ አመጣቸው። የገቡ ዕለት ቤቱን እያዞረ አሳያቸው፤ ገንዳው ላይ ሲደርስ ደረቱ ሰፋ። ጣሳ ውኃ አፈሰሰና አሰማቸው።

«ወዴት ሄደ?» አሉት ጎንበስ ብለው።

«መሬት ዋጠው እማዋይ። ከእንግዲህ እግር አይረግጠው፣ ዓይን አያየው።»

እናቱ ቀና አሉና ገንዳውን ሌላ ዓይን አዩት። እንዳላማው ኮራ። ስለ ቦዩ አልነገራቸውም፤ የኩራት ንግግር ላይ ቦይ አይገባም።

ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ለከተማው እንግዳ ነበሩ። ዘመድ የላቸውም፣ የሚያውቁት ደጅ የላቸውም። ከሰፈሩ የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ሲገቡ፣ «ድግሱን ባልችል ዕቃውን አጥባለሁ» ብለው ቃል ገቡ። ማኅበሩ በየወሩ ከማንም ቤት ይጠጣ፣ ጽዋውና ሌማቱ፣ የዳቦው መሸፈኛ ጨርቅ ሳይቀር በማግሥቱ ከእርሳቸው ዘንድ ይመጣል። ሲያጥቡ ማንም እንዲያግዛቸው አይወዱም። ማጀቱ ይለቀቅላቸዋል፤ ሥራነሽ ገበያ ትወርዳለች ወይም ውኃ ትቀዳለች። እርሳቸው ከጨረሱ በኋላ ነጠላቸውን አጣፍተው ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ። ያን ዕለት ፊታቸው ብሩህ ነው።

ቱቦው መጨነቅ የጀመረ ከዚያ ወዲህ ነው።

አስቀድሞ ጉል ማለቱን ትቶ ማንኮራፋት ያዘ። ቀጥሎ ውኃው ከገንዳው ላይ እንደ ኩሬ ቆመ። እንዳላማው ቀርከሃ ሰንጥቆ፣ ጫፉ ላይ ጨርቅ አሥሮ ገፋው፤ የአመድ ውኃ አፍልቶ ለቀቀበት። አንድ ነገር ተንዶ ሄደና ቱቦው ተከፈተ። ከቦዩ ላይ ሄዶ ሲያይ ግራጫ ጭቃ ወጥቷል፤ ጥቂት ጥቁር ጠጉር ተጠቅልሎበታል።

«ቅቤ ነው» አሉ እናቱ፣ ሲነግራቸው። «የሴት ጠጉርና ቅቤ። የማርቆስ ብርድ ቅቤን ድንጋይ ያደርገዋል። እኛ ቤት ራሳችንን ከወንዝ ነበር የምንታጠብ።»

ነገሩ እውነት ይመስል ነበር። ሥራነሽ ለበዓል ራሷን ቅቤ ትቀባለች፤ ከበዓሉ በኋላ ትታጠባለች። ቱቦው የሚደፈነውም ከወር በዓል በኋላ ነው። እንዳላማው ይህን ከዚያ ጋር ገጠመውና ነገሩ እንደ በያዳ ያዘለት። ደግሞ የተበሳሳው ክዳን ከቦታው ተነሥቶ፣ ከግድግዳው ተደግፎ ያገኘዋል።

«ክዳኑን ማን አነሣው?»

«እኔ እንጃ።»

«ታዲያ በእግሩ ወርዶ ቆመ?»

«አንሥቼው እንደሆን እጄ ይሰበር።»

«እጅሽ ከሚሰበር ክዳኑ ቢቀመጥ ይሻለኛል።»

ሥራነሽ ክዳኑን አንሥታ ከቀዳዳው ላይ አስቀመጠች፤ ከሚያስፈልገው በላይ ጠበቅ አድርጋ።

ክረምት ገባ። ማጀቱ መሽተት ጀመረ፤ የኮመጠጠ፣ የሚያፍን ሽታ፣ ከተረሳ ጋን ግርጌ እንደሚወጣ ዓይነት። ውኃው ወደ ታች በመሄድ ፈንታ ወደ ላይ ይመለሳል። ሥራነሽ በጣሳ እየጨለፈች፣ በእንስራ ስባሪ ተሸክማ፣ በዝናብ ከደጅ ትደፋለች። እንዳላማው ከበራፉ ላይ ተቀምጦ ኩራዝ ሲበይድ፣ ባለፈች ቁጥር ዓይኑን ከሥራው አያነሣም። የሚሠራው ኩራዝ ማፍሰስ ጀመረ። ገዢዎች መልሰው ሲያመጡለት በእነርሱ ላይ ይቆጣል።

አያ አድማሴ ደግሞ አለ። የጨውና የበርበሬ ሱቁ አፍ ከቦዩ ትይዩ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከደፍ ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ይፈታተናል።

«እንዳላማው፣ ቱቦህ ዛሬም ጾመኛ ነው?» ይለዋል።

«ተወኝ አያ አድማሴ።»

«አይ፣ አጽዋማቱን ሁሉ ጾሞ ጨረሰ፣ ማን ገዘተው ብዬ ነው። እኛ ያው ከደጅ እንደፋለን፤ ደጅ ደግሞ አይደፈንም።»

እንዳላማው ቀርከሃውን ከትከሻው ላይ አዙሮ ያልፋል። ምላሽ ቢያገኝ ደስ ባለው፤ ግን የተደፈነ ቱቦ ያለው ሰው ምላሱም ይደፈናል።

ከዚህ በኋላ ሥራነሽ ያደረገችው ነገር በሰፈሩ ወሬ ሆነ። ቅቤ መቀባት ተወች። ለእንቁጣጣሽ አልተቀባችም፣ ለመስቀልም አልተቀባችም። ከዘመድ ሠርግ ተጠርታ ጉንደ ወይን ስትሄድ፣ ሴቱ ሁሉ አናቱ ሲያበራ እሷ እንደ ገለባ የደረቀ ጠጉሯን ይዛ ከመካከል ተቀመጠች። አክስቷ በሰው ፊት፣ «ልጄ፣ የማርቆስ ላሞች ነጥፈው እንደሆን ከኛ ይዘሽ ሂጂ» አለቻት። ሰው ሳቀ። ሥራነሽ አብራ ሳቀች። ስትመለስ ስለ ሙሽራይቱ ልብስ አወራች፤ ስለዚህ ግን አልተናገረችም። እንዳላማው የሰማው ከሌላ ሰው ነው።

ጥቅምት ገባና ኪዳነ ምሕረት ዋለ። በማግሥቱ ማታ ገንዳው እስከ አፉ ሞልቶ ቆመ።

«የቆየ ቅቤ ነው» አሉ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን፣ መቁጠሪያቸውን ሳያቋርጡ። «ቅቤ ቀስ ብሎ ነው የሚወርድ።»

ሥራነሽ ከምሰሶው አጠገብ ቆማ ነበር። አማቷ ወደ መኝታቸው እስኪገቡ ጠበቀች፤ ከዚያ ድምፅዋን ሳታነሣ፣

«ስማኝ» አለችው። «ጠጉሬን ለሰው መሳቂያ አድርጌ ያደረቅሁት ያንን ብረት ላድን ነው። አሁን ደግሞ የቆየ ነው አሉ። ከመቼ የቆየ? ከእናቴ ሆድ?»

«እኔ ምን ላድርግ?»

«ቆፍረው። በቀርከሃ እየገፋህ አትስደደው። ክርን የምትለውን ከፍተህ በዓይንህ እየው።»

«እሺ፣ እቆፍረዋለሁ።»

«ያየኸውንስ በእማዋይ ፊት ትናገራለህ? ጠጉሬ ከሆነ ጠጉሬ ነው በል፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ሁለተኛም አላነሣውም። ሌላ ነገር ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው በል።»

«እናገራለሁ።»

«ካልተናገርህ፣ የጉንደ ወይን መንገድ አይጠፋኝም።»

«ተናገርሁ አልሁሽ እኮ። ባልናገር ሂጂ፤ ከኋላሽ ሽማግሌ አልልክም።»

በማግሥቱ አካፋ ይዞ ሲወጣ እናቱ ከደጅ አገኙት። «ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ በሰንበት መሬት ይቆፈራል?» መልሶ አስቀመጠው። እሑድም ዋለ። ያውም ገብርኤል ነበር። ማርያም መጣች። ጊዮርጊስ መጣ። በመካከል በተገኘው ቀን ዝናብ ያለ ወቅቱ ዘነበ። አካፋው በበሩ ተደግፎ፣ ገንዳው ሞልቶ፣ ሥራነሽ እየጨለፈች፣ አያ አድማሴ ከሱቁ ደፍ ላይ «በዓሉን ሁሉ አከበርኸው፤ ቱቦው ይጽደቅልህ» እያለ ሳምንቱ አለፈ። እንዳላማው ሌሊት ሳይቀር ጥርሱን ያፋጭ ነበር።

የጊዮርጊስ ማግሥት ፀሐይ ሳይጠና ቆፈረ። አፈሩ ርሶ ከብዷል። ክርኑ ላይ ሲደርስ በያዳውን በጋለ ብረት አቅልጦ፣ በሁለት እጁ ይዞ ፈልቅቆ አነሣው።

ውስጡ ድፍን ነው። ግራጫ፣ እንደ ሊጥ የተጋገረ፣ ከቆርቆሮው ቅርፅ ጋር የታጠፈ። ከባልዲ ውስጥ ገለበጠና በቢላ ሰነጠቀው። የኮመጠጠው ሽታ ወጣ። ቅቤ ሊሆን አይችልም፤ ቅቤ እንዲህ አይቆረስም። ሲፈረፍረው ያበጠ ዳቦ ሆኖ አገኘው፤ ጥቅጥቅ ያለ፣ ከጠላ አተላና ከጌሾ ቅጠል ጋር የተደራረበ። በመካከሉ የደረቀ የኮባ ቅጠል ቁራጭ አለ። በቤቱ በኮባ የሚጋገር ዳቦ አልነበረም። በኮባ የሚጋገረው የማኅበር ዳቦ ነው። ከሥሩ ደግሞ ቀይ የተነከረ ስንደዶ፤ የማኅበሩ ሌማት ጠርዝ ቀይ ነበር። አዎን፣ ጥቂት ጥቁር ጠጉርም ነበረበት፤ አንዲት ሴት ስታበጥር የሚረግፈውን ያህል።

ሥራነሽ ከኋላው ቆማ ኖሯል። ጎንበስ ብላ ባልዲውን አየች።

«ጌሾ ከጠጉሬ ላይ ይበቅላል?» አለችው። ቀጥላም፣ «ኮባስ?»

 ከዚያ ወደ ቤት ተመለሰች። እርምጃዋ ቀሎ ነበር።

እሱ ግን ከጉድጓዱ ጫፍ እንደተቀመጠ ቀረ። ደብረ ኤልያስ፣ ከአባቱ ቤት ጓሮ፣ በእሾህ የታጠረች አንዲት የጥድ ዛፍ ነበረች። እናቱ የጽዋውን እጣቢ ከሥሯ ብቻ ነበር የሚደፉ። የማኅበር ፍርፋሪ በረከት ነውና እግር አይረግጠውም፤ ልጆችም ከአጥሩ ውስጥ ቢገቡ በአርጩሜ ይባረራሉ። ከማርቆስ ግቢ ጥድ የለም። ግቢው እንደ መዳፍ ጠባብ ነው፣ ሰውና ዶሮ ይመላለስበታል። ክዳኑን ለምን እንደሚያነሡትም አሁን ገባው። ከክዳኑ ላይ የሚቀረው ወደ ጥራጊ ይጣላላ፤ በረከት ከጥራጊ ጋር። እርሳቸውም እግር አይረግጠው፣ ዓይን አያየው ወዳላቸው ቦታ ሰደዱት። ራሱ ነው ያለው። በዚያ በሰፋ ደረቱ።

ቀና ብሎ መንገዱን አየ። የገበያ ቀን ነበርና የእህል ጭነት የያዙ አህዮች በቦዩ ውስጥ እየረገጡ ያልፋሉ። አንዷ ቆማ ሽንቷን ሸናች። አያ አድማሴ ከወዲያ ሆኖ «ምን ተገኘ? ወርቅ ነው?» ቢለው፣ እንዳላማው ባልዲውን በጨርቅ ሸፈነ።

ክርኑን አጥቦ፣ መልሶ በይዶ፣ አፈሩን አለበሰው። ወደ ማጀቱ ሲገባ እናቱ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው መደቡ ላይ አረፍ ብለዋል። ሥራነሽ ከገንዳው አጠገብ ጣሳ ይዛ ቆማለች።

«አፍስሺበት እስቲ» አላት።

አፈሰሰች። ጉል፣ ጉል፣ ጉል አለ፤ ጥቂት አረፈ፤ ከዚያ የቀረውን ማገው። ሥራነሽ ሳታስበው ፈገግ አለች። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው ፈገግታዋን ያየ።

«ተመስገን» አሉ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን። «ምን ሆኖ ተገኘ?»

እንዳላማው እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር። የተጠረገውን ጣት ደግሞ ይጠርገዋል። ሥራነሽ ዓይኗን ከእሱ አላነሣችም።

«ዝም አልህሳ?» አሉ እናቱ። «እኔ እንኳ ደንቆኝ ነው። ከዚያ ሁሉ በረከት ጋር እንዴት ይደፈናል እል ነበር።»

«የምን በረከት እማዋይ?»

«የጽዋው እጣቢ ነዋ። አልነገርሁህም? በየወሩ ከዚያ ነው የማወርደው፤ አንዲት ፍርፋሪ ሳላስቀር።» ፊታቸው ያ የማኅበር ማግሥት ብርሃን መጣበት። «ከአገሬ ስወጣ ያስጨነቀኝ ይኸው ብቻ ነበር። በሰው ከተማ እግር የማይረግጠው ቦታ ከየት አገኛለሁ ብዬ። አንተ ግን አስቀድመህ ሠርተህ ቆየኸኝ። ቀሲስም ሰምተው መርቀውሃል።»

 ከውጭ የአህያ ኮቴና የነጂዎች ጩኸት ይሰማል። እንዳላማው አፉን ከፈተ። ዳቦው፣ ኮባው፣ ቀዩ ስንደዶ ከምላሱ ጫፍ ደርሰው ነበር። ግን አንዱን ቢያወጣ ሌላው ይከተላል፤ ቱቦው ይከተላል፣ ቦዩ ይከተላል፣ አህዮቹ ይከተላሉ። እናቱ ያን ሰምተው በዚህ ዕድሜያቸው በየትኛው ንስሐ ያርፋሉ?

«ታዲያ ያው ያልሁህ ነው?» አሉ እናቱ። «ቅቤና ጠጉር?»

«ጠጉርም አለበት» አለ እንዳላማው።

«አላልሁም?»

«ክርኑን እቀይረዋለሁ» አለ ቶሎ ብሎ። «ጠባብ ነው። ሰፋ አድርጌ እሠራዋለሁ። የእርስዎንም እጣቢ የሚቀበል ሌላ ቦታ፣ ከጓሮ፣ አጥሬ... እሠራልዎታለሁ።»

«ኧረ ይህ ምን ሆነና?» አሉ እናቱ። «ምንም አልጎደለበት። ሰው ራሱን ከሌላ ቦታ ይታጠብ እንጂ።»

እንዳላማው ወደ ሥራነሽ ዞረ። ማታ ለብቻቸው ሲሆኑ የሚነግራትን ነገር በዓይኑ ሊነግራት ፈለገ፤ አህዮቹን፣ ጥዷን፣ የራሱን ያንን የኩራት ንግግር። ሥራነሽ ግን ዓይኑን አላየችም። የምታየው ከእጁ ያለውን ጨርቅ ነበር፤ ባልዲውን የሸፈነበትን።

ጣሳውን ከገንዳው ጠርዝ ላይ አስቀመጠች። የተበሳሳውን ክዳን ከግድግዳው አንሥታ ከቀዳዳው ላይ መለሰችው፤ በዝግታ፣ ልክ በቦታው። ነጠላዋን ከካስማው አውርዳ የደረቀ ጠጉሯን ሸፈነች። ከዚያ በእናትና በልጅ መካከል አልፋ፣ ደኅና ዋሉም ሳትል፣ ወጣች።